የድልብ ጉምና የአያ ሃይሉክስ



ነገሩ የሆነው በነሐሴ ነው። ቀዬያችን ግራና ቆላ ነው። ክረምቱ ገብቶ፣ ማሽላው አድጎ ሰው ሲውጥ እንኳ ወበቁ አይለቅም። በዚያ ወበቅ መሃል ከጋሸና በኩል መርዶ መጣ። በእናታቸው ወገን የአያ አጎት የሆኑ ሽማግሌ አርፈው ኖሮ፣ ወሬው እኛ ዘንድ ሲደርስ ቀብሩ አልፏል። ለቅሶ ደግሞ በጊዜው ካልተደረሰ ቅሬታው ለልጅ ልጅ ይተርፋል። አያ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉና ቁልፉን ከግድግዳው ምስማር ላይ አነሱ።

"ተነሱ! ዛሬ ወጥተን ነገ እንመለሳለን፣ ኢንሻአላህ" አሉ።

ስማቸውን ተዉት። በግራናና በመርሳ መካከል ትንሽ ትልቁ "አያ" ነው የሚላቸው። መኪናቸው ግን በስሟ ትጠራ፦ ሃይሉክስ ናት፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠራች፣ ባለ 2.4 ሊትር የናፍጣ ሞተር። ስንት ኩንታል ማሽላ፣ ስንት ሳጥን ቲማቲም፣ ስንት ሙሽራ፣ ስንት ወላድ እንደጫነች ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። በ2014 መባቻ የሰሜኑ ጦርነት ወረዳችንን ሀብሩን ሲያዳርስ፣ ባትሪዋ ተነቅሎ፣ ጎማዋ ወልቆ፣ በዘመድ ግቢ በማሽላ አገዳ ተሸፍና ከርማለች። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ተነሳን። ጋቢናው ውስጥ አያ መሪ ላይ፣ እህታቸው እታለም መሃል፣ እኔ በር በኩል። መርሳን አለፍን፣ ሲሪንቃን ከምርምር ማዕከሉ ጋር ወደ ኋላ ተውነው፣ ወልድያ ገብተን ናፍጣ ቀዳን። እስከዚያ ድረስ ፀሐይ ነበር። ከወልድያ ወደ ጋሸና የሚወጣው በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት መንገድ ነው። ሳንቃን አልፎ ድልብ ላይ ሲደርስ ጥምዝምዙ ይጀምራል። በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው በኩል ገደል። ክረምት ላይ ደግሞ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነስቶ አስፋልቱ ላይ ይተኛል።

መጀመሪያ ዝናቡ መጣ፤ መስኮቱን ዘጋን። ብዙም ሳይቆይ የፊት መስታወቱ ከውስጥ በኩል ነጣ። የሦስት ሰው ትንፋሽ አለ፣ የእታለም ነጠላ ርሷል፣ የአያ ጋቢ ርሷል። ያ ሁሉ እርጥበት ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ሄዶ ተለጠፈ። እታለም በነጠላዋ ጠረገችው፤ ወዲያው መልሶ ነጣ። አያ እጃቸውን ወደ ክሩስኮቱ ሰደዱና የነፋሱን ማዞሪያ አንድ ላይ አደረጉት፤ ምንም የለም። ሁለት፤ ምንም። ሦስት፤ ዝም። አራት ላይ ሲያደርሱት ከክሩስኮቱ ሥር እንደ መፋጨት ያለ ጩኸት ተነሳ፣ ነፋሱም መጣ፣ መስታወቱም በአንድ ጥግ መጥራት ጀመረ።

"አብሽሩ!" አሉ አያ።

ጥቂት ኩርባ እንደሄድን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ነፋሱ ቀጥ አለ።

ከፊታችን የሚመጣ አይሱዙ መብራቱ እንጂ አካሉ አይታይም ነበር። አያ ጭንቅላታቸውን በመስኮት አውጥተው፣ ዝናቡ ፊታቸውን እየገረፈው፣ መንገዱን እየፈለጉ ነዱ። እታለም ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ዱአ ታደርጋለች። እኔ መስታወቱን እጠርጋለሁ። ቦታ ስናገኝ ዳር ይዘን ቆምን፤ ሁለቱንም መስኮት ከፍተን፣ ዝናቡ ቀለል እስኪል ጠበቅን። ለቅሶውንም ደረስን፣ ተመስገን።

ስንመለስ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሾፌር አያውቀውም። ቁልቁለት ነው፤ አያ በማርሽ ይዘው ያወርዷታል፤ እግራቸው ነዳጁ ላይ የለም። የናፍጣ ሞተር ከቤንዚኑ ይልቅ ከነዳጁ የበለጠውን ድርሻ ወደ ጉልበት ስለሚለውጥ ትርፍ ሙቀቱ ያነሰ ነው፤ ጭነት ሳይኖረው ሲወርድ ደግሞ ጭራሽ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ነፋሱ ቢሠራ ኖሮ እንኳ ድልብን ስንወርድ የሚነፍሰው ከወጣንበት ጊዜ ይልቅ ቀዝቃዛ ነው። ነፋስ ከሌለማ መስታወት የሚያጠራ ነገር የለም። በቆላ ለላብ ማድረቂያ ብቻ የምናስባት ያቺ የነፋስ ሞተር፣ ብሎወር የምንላት፣ ደጋ ላይ እንደ ፍሬንና እንደ መብራት የነፍስ ነገር ናት። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ያን ቀን ገደሉን ያየሁት እኔ ነኝና።

ወልድያ ስንገባ አንድ ጋራዥ አገኘን። ሰውየው ክሩስኮቱን ሳይነካ፣ ኮፈኑንም ሳይከፍት፣ ማዞሪያውን አንዴ አዙሮ፣

"አያ፣ ብሎወሩ ሞቷል። ሙሉውን ነው የሚቀየረው፤ ከነሬዚስተሩ" አለ።

ዋጋውን ነገራቸው። አያ መልስ አልሰጡም። ጋቢያቸውን አስተካክለው "እሺ፣ አስብበታለሁ" ብለው ወጡ። መንገድ ላይ ግን ዝም ብለው ቆይተው፣ "በዚህ ብር እኮ ጥሩ ጊደር እገዛ ነበር" አሉ።

ዋጋው ለምን እንዲህ እንደሆነ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ቢሆንም አንድ ላይ ላስቀምጠው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብሩ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ የነበረው በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ፣ ከዱባይ የመጣ በሉት ከቻይና፣ አብሮ ወጣ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ መኪና በሚያስገባ ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሎ ነበር። በጥር 2016 ደግሞ የኤሌክትሪክ ካልሆነ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ይህን ሁሉ ስትደምሩት ለአያ የሚሰጣችሁ መልስ አንድ ነው፦ ይቺን ሃይሉክስ የሚተካ መኪና የለም። በግራናና በመርሳ፣ በውርጌሳና በወልድያ ያሉት አሮጌ ናፍጣዎች ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ጥገና የምርጫ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል።

አያ አዲስ አበባ ላለው የወንድማቸው ልጅ ደወሉ። ልጁ መርካቶ ሶማሌ ተራ ዞሮ፣ ከተፈታ መኪና የወጣ ብሎወር እንዳገኘ ነገራቸው። ዋጋው ከአዲሱ ይቀንሳል። ግን ጥያቄ አለ። ሻጩ ከምን መኪና እንደወጣ በእርግጠኝነት አልተናገረም። ሞተሩ 12 ቮልት ይሁን 24 ቮልት አልተጻፈበትም፤ አንዳንድ የጃፓን ናፍጣ መኪናዎች በ24 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። የ24ቱ በ12 ላይ ሲታሰር እየተጎተተ ይዞራል፤ የ12ቱ በ24 ላይ ሲታሰር ይቃጠላል። ሌላም አለ፦ መሪው በቀኝ ከሆነ መኪና የወጣ ከሆነ ቅርጹም የሚዞርበት አቅጣጫም ላይገጥም ይችላል። እንግዲህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለን ዕቃ፣ በስልክ፣ በእምነት፣ ተመላሽ በሌለው ብር መግዛት ነው።

"ቆይ እስቲ" አሉ አያ። "መርሳ ያ ልጅ አለ አይደል?"

ያ ልጅ፣ ወገኖቼ፣ መርሳ ላይ በቆርቆሮ የተሸፈነች አንዲት ክፍል ያለችው የመኪና ኤሌትሪሻን ነው። ዕድሜው ከሃያ አምስት አይዘልም። ጠረጴዛው ላይ ቴስተር፣ ካውያ፣ ሊድ፣ ፒንሳና ካቻቢቴ በወግ ተደርድረዋል። አያን ሲያይ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው።

"አያ፣ እንዴት ከረሙ? ኸይር ነው?"

"ኸይር ነው ልጄ። ብሎወሩ ሞቷል አሉኝ።"

"ማን ለክቶ አለዎት?"

አያ ወደ እኔ ዞር አሉ። ማንም አልለካም ነበር።

አሁን የነገሩ ሥር እዚህ ነው፤ ጆሯችሁን ስጡኝ። ልጁ ካቻቢቴ አላነሳም። መጀመሪያ ጠየቀ። "ከመሞቱ በፊት በስንት ቁጥር ነበር የሚሠራው?" አያ አሰቡ። ግራና ቆላ ስለሆነ እሳቸው ማዞሪያውን ሁልጊዜ አራት ላይ ነው የሚያደርጉት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ከሞቱ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው አያውቁም። ድልብ ላይ ነው የተገለጠው።

"እንግዲያ መጀመሪያ የሞተው ሬዚስተሩ ነው" አለ ልጁ።

እንዲህ ብሎ አስረዳን። አንድ፣ ሁለትና ሦስት ላይ ኤሌክትሪኩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው በሬዚስተሩ የሽቦ ጥቅልል ውስጥ አልፎ ነው። ጥቅልሉ ከኃይሉ ከፊሉን በሙቀት መልክ ያባክነዋል፤ ሞተሩም በዝግታ ይዞራል። አራት ላይ ግን ሬዚስተሩ ይታለፋል፤ ሙሉው ኃይል በቀጥታ ይገባል። ስለዚህ ብሎወራችሁ በመጨረሻው ቁጥር ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሞተሩ አልሞተም፤ የተበጠሰው ሬዚስተሩ ነው። ሬዚስተሩ ደግሞ ሆን ተብሎ ነፋሱ በሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ ተሰክቶ የተሠራ ነው፤ ሙቀቱን የሚወስድለት ነፋሱ ነው። ነፋሱ ሲደክም ይግላል፣ ሲግል በላዩ ያለችው የሙቀት ፊውዝ ትበጠሳለች። መኪናው እንዳይቃጠል የተቀመጠች ዘብ ናት እሷ።

"ግን ነፋሱ ለምን ደከመ? ሬዚስተሩንስ ማን ገደለው?" አለና ያን ጊዜ ካቻቢቴውን አነሳ።

ከተሳፋሪው ፊት ያለውን ኪስ አወለቀ። ከሥሩ ብሎወሩ በሦስት ቡሎን ተይዟል። ሶኬቱን ሊነቅል ሲል ግማሹ በእጁ ላይ ተፈረካከሰ፤ ጠቁሯል፣ ቀልጧል። ድልብ ላይ የሸተተን ይህ ነበር። ከዚያ ሞተሩን ወደ ታች አወረደው። ከነፋሱ ቅርጫት ውስጥ የወጣውን ብታዩ! የማሽላ አገዳ ቅጠል፣ የጤፍ እብቅ፣ የአይጥ ጎጆ። ያ በጦርነቱ ጊዜ በአገዳ ተሸፍና የከረመችበት ጊዜ እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። የዚያን ዘመን መኪና ብዙውን ጊዜ የጋቢናውን አየር የሚያጣራ ፊልተር የለውም፤ ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው ወንፊት የገባ ሁሉ ቀጥታ ብሎወሩ ላይ ይወርዳል።

ልጁ ቅርጫቱን በጣቱ ሲያዞረው እየተንገራገጨ ቆመ። ደህና ብሎወር በጣት ሲገፋ ጥቂት ዙር በራሱ ይሄዳል። በሁለቱም ጫፍ ዘንጉን የሚይዙት ትናንሽ የነሐስ ቡሽንጎች አሉ፤ ሲሠሩ ዘይት ጠጥተው ነው የሚወጡት፤ አቧራውና እብቁ ያንን ዘይት መጦ አድርቋቸዋል። ድልብ ላይ የሰማነው የመፋጨት ጩኸት የእነሱ ነው።

ሞተሩን ጠረጴዛው ላይ አስሮ በቀጥታ ከባትሪ ኃይል ሰጠው። ሽቦው ላይ በሚነክስ አምፔር መለኪያ ለካው። የዚህ ዓይነት ሞተር በሙሉ ፍጥነት እንደ መኪናው ሁኔታ ከ10 እስከ 20 አምፔር ገደማ ነው የሚስበው። የአያ ብሎወር ከ25 በላይ ይስብ ነበር። ሞተር ሲከብደው ዝም ብሎ አይቆምም፤ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል። የሚስበው ሲበዛ ሬዚስተሩ ይግላል፣ የሙቀት ፊውዟ ትበጠሳለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይሞታሉ። ሾፌሩ ማዞሪያውን አራት ላይ አድርጎ ይነዳል። አሁን ሙሉው ጭነት ሶኬቱ ላይ ነው።

ስለ ሶኬቱ ያለውን ልጨምርላችሁ፤ ይህንን ከዚያ ቀን በፊት ማንም በቁጥር አስልቶ አላሳየኝም ነበር። የዛገ ወይም የላላ የሶኬት ጥርስ የአንድ አሥረኛ ኦም መቋቋም ብቻ ቢኖረው፣ 20 አምፔር ሲያልፍበት 40 ዋት ሙቀት ይፈጥራል። ልጁ ካውያውን አነሳና አሳየን፤ ላዩ ላይ 40 ዋት ይላል። ከክሩስኮቱ ሥር፣ ከእታለም ጉልበት በላይ፣ አንድ የጋለ ካውያ ፕላስቲክ ላይ ተጋድሞ ነበር ማለት ነው።

"ታዲያ ፊውዙ የት ሄዶ ነው?" አልኩት።

የፊውዝ ሳጥኑን ከፈተ። በብሎወሩ ፊውዝ ቦታ የመዳብ ክር ተጠምጥሟል። ማን እንዳደረገው አያ አያስታውሱም፤ ከዓመታት በፊት መንገድ ላይ ፊውዝ ሲቃጠልባቸው አንድ ደግ ሰው ክር አስገብቶ አስነስቷቸው ነበር። ልጁ ክሩን አውጥቶ አያ እጅ ላይ አስቀመጠው።

"አያ፣ ሊያቃጥልዎት የነበረው ይኼ ነው" አለ።

አያ ክሩን ለረጅም ጊዜ አዩት። "አልሐምዱሊላህ" አሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራው ነው፤ ሥራው ደግሞ ማየት ነበር። ሞተሩን በጥንቃቄ ገለጠው። ውስጡ አርማቹሩ አለ፤ በአንድ ጫፉ ላይ በመዳብ ቁርጥራጮች የተከበበው ኮሙቴተር አለ፤ በእሱ ላይ ሁለት ካርቦኖች በስፕሪንግ ተጭነዋል። ኤሌክትሪኩ ወደሚዞረው አካል የሚገባው በእነሱ ነው። አልቀዋል፤ አንደኛው ስፕሪንጉ ከእንግዲህ ሊገፋው የማይችል ሆኖ አጥሯል። ኮሙቴተሩ ጠቁሯል፣ ግን አልተበላም። የአርማቹሩ ጥቅልል ቫርኒሹ አልነደደም፣ አይሸትም። በቴስተሩ እያንዳንዱን ቁራጭ ከጎረቤቱ ጋር ለካ፤ ሁሉም ተመሳሳይ ቁጥር ሰጡ። ከቁርጥራጮቹ ወደ ዘንጉ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ እንዳለም ሞከረ፤ የለም።

"ሞተሩ አልሞተም አያ። ካርቦን አልቆበታል፣ ቡሽንግ ደርቆበታል፣ እብቅ በልቷል።"

ካርቦን ፍለጋ ወጣ። እዚህ ላይ ያደረገው ነገር ነው ሙያውን የነገረኝ። አንድ ሱቅ ውስጥ የሞተሪኖ፣ ማለትም የመኪና ማስነሻ ሞተር፣ ካርቦን ሰጡት፤ "አሽተህ አሳንሰው" አሉት። ብዙ ሰው እንዲያ ነው የሚያደርገው። እሱ መለሰው። የሞተሪኖ ካርቦን ለአጭር ጊዜ እጅግ ብዙ አምፔር ለማሳለፍ የተሠራ ስለሆነ መዳብ ይበዛበታል፤ ለሰዓታት ለሚዞር ትንሽ ሞተር ኮሙቴተሩን ይበላዋል። የግድግዳ መብሻ ድሪል ካርቦን ደግሞ ለ220 ቮልት የተሠራ ነው፤ በ12 ቮልት ላይ ኃይሉን ያንቀዋል። እሱ የፈለገው ከተቃጠለ የራዲያተር ፋን ሞተር የወጣ ካርቦን ነበር፤ ያም 12 ቮልት ነው፣ ያም ለረጅም ሰዓት ይዞራል። አገኘ። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ልኩን እየሞከረ አሸው፤ በካርቦኑ ማቀፊያ ውስጥ ሳይጠብቅ ሳይላላ እስኪንሸራተት ድረስ። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀቱን በኮሙቴተሩ ላይ ጠቅልሎ፣ ካርቦኑን በላዩ አስቀምጦ በእጁ አዞረ፤ የካርቦኑ ፊት የኮሙቴተሩን ክብ እንዲይዝ ነው። በመዳቦቹ መካከል ያለውን ስስ ቦይ በመርፌ ጫፍ ጠረገ፤ የካርቦን ዱቄት እዚያ ከተጠራቀመ ቁራጭን ከቁራጭ ያገናኛልና።

ቡሽንጎቹን በቤንዚን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ንጹሕ የሞተር ዘይት ውስጥ አሳደራቸው። ግሪስ አላደረገም፤ ግሪስ ወደ ነሐሱ ቀዳዳዎች አይገባም፣ አቧራም ይሰበስባል።

በማግስቱ ሄድን። አዲስ ሶኬት በሊድ በይዶ፣ ሬዚስተር ከተፈታ ተመሳሳይ ሃይሉክስ አግኝቶ፣ ወደ ቦዲው የሚታሰረውን ነጌቲቭ ሽቦ ከሥሩ ያለውን ዝገት ፍቆ አጥብቆ፣ በክሩ ቦታ በቁጥሩ ልክ የሆነ ፊውዝ አስገብቶ ጠበቀን። ማዞሪያውን አዞረ። ከአንድ እስከ አራት ሁሉም ሠሩ፤ ጩኸትም የለም። ግን ነፋሱ ደካማ ነው።

አያ ፊታቸው ጠቆረ። ልጁ ግን ጥቂት አዳመጠና ፈገግ አለ።

"ወደ ኋላ እየዞረ ነው" አለ።

ቀልጦ የነበረው ሶኬት ሁለቱንም ሽቦዎች አጥቁሯቸው ቀለማቸው አይለይም ነበር፤ ሲበየዱ ተቀያይረዋል። ይህ ዓይነቱ ሞተር ፖዘቲቩና ነጌቲቩ ሲቀያየር በተቃራኒው ይዞራል። የሚገርመው ቅርጫቱ ወደ ኋላ ሲዞርም አየሩን በዚያው በኩል ነው የሚገፋው፣ ግን በደከመ ጉልበት። ስንቱ ሰው በዚህ ምክንያት ደህና ሞተር "ደካማ ነው" ብሎ ጥሎ ይሆን? ልጁ ሁለቱን ሽቦ አቀያየረ። ነፋሱ ሲመጣ የእታለም ነጠላ ከትከሻዋ ላይ ተነሳ። አምፔሩን ለካው፤ 13 ሆነ።

አያ ሂሳቡን ጠየቁ። የካርቦኑ፣ የሬዚስተሩ፣ የሶኬቱ፣ የፊውዙና የሁለት ቀን የእጁ ዋጋ ተደምሮ ወልድያ ላይ ለሙሉው ከተጠየቀው ከሲሶው በታች ነበር። አያ ጨምረው ሰጡት። "ይህ የእጅህ አይደለም፣ የዓይንህ ነው" አሉት።

አሁን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም። አርማቹሩ ነዶ ቢሆን፣ የቫርኒሹ ሽታ አፍንጫ ቢሰነፍጥ፣ የኮሙቴተሩ መዳብ ተበልቶ ገደል ሠርቶ ቢሆን፣ ማግኔቱ ተሰንጥቆ ወይም ዘንጉ ቀጥኖ ቢሆን፣ ሙሉውን ከመግዛት በቀር መንገድ አልነበረም፤ ልጁም ያንኑ ይል ነበር። እኔ የምጣላው ሳይለኩ "ሙሉውን ቀይር" ከማለት ጋር ነው። ያ ቃል ሙያ ሳይሆን ግምት ነው፤ ግምቱን የሚከፍለው ደግሞ ጊደሩን የሚሸጠው ገበሬ ነው። ሬዚስተሩ ለምን እንደተቃጠለ ሳይፈልጉ አዲስ ሬዚስተር ብቻ መሰካትም ያው ነው፤ ሞተሩ 25 አምፔር እየሳበ እስከቀጠለ ድረስ አዲሱም ይቃጠላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የሬዚስተሩን የሙቀት ፊውዝ በሽቦ ማገናኘት ነው። ይህን የሚያደርጉ አሉ፤ ይሠራልም፤ ቅጠልና እብቅ በተከማቸበት ቱቦ ውስጥ የጋለ ሽቦ እስኪያነድ ድረስ።

ስለዚህ ከግራና፣ ከመርሳ፣ ከሲሪንቃ ወደ ወልድያና ወደ ጋሸና የምትነዱ ወንድሞቼ፣ አደራ የምላችሁን ስሙ። ሐምሌ ሳይገባ፣ ገና ቤታችሁ ደጃፍ ላይ ሳላችሁ፣ ማዞሪያውን ከአንድ እስከ አራት እያዞራችሁ ሞክሩት። ቆላ ላይ አያስፈልጉም ብላችሁ አንድና ሁለትን አትርሷቸው። መኸር ካለቀ በኋላ ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውን ወንፊት ጥረጉ፤ ውስጥ በኩል ስስ የሽቦ መረብ ብታሠሩበት አይጥና ቅጠል አይገባም። ድልብ ላይ ጉም ከያዛችሁ አየሩን ከውጭ የሚያስገባውን ክፈቱ እንጂ የውስጡን አየር የሚያዞረውን አታድርጉ፤ የራሳችሁን ትንፋሽ ነው መልሶ የሚነፍስባችሁ። ከተሳናችሁ መስኮት ከፍታችሁ፣ መብራት አብርታችሁ፣ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ጋራዥ ስትሄዱ "ስንት አምፔር ይስባል?" ብላችሁ ጠይቁ፤ የወለቀውንም ዕቃ በእጃችሁ ተቀበሉ።

ፊውዝ ሲቃጠልም በክር አታስሩት። ቁጥሩ በላዩ ተጽፏል፤ በዚያው ቁጥር ልክ ሌላ ፊውዝ ግዙ፣ አንድ ትርፍም ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ።